ሲቀዳ ብረት፣ ሲደባለቅ ፕለጊን፦ ስለ ድራምና ኮምፕሬሰር የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ። የድምፅ ሰዎች ስብሰባ ላይ ማይክ ካልሠራ መሳቂያ ነው የምንሆነው። (ሳቅ)

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ታላላቆቼ፣ ገና ጆሯችሁን እየሳላችሁ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹም ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «ድራም ሚክስ ለማድረግ ሃርድዌር ኮምፕሬሰር ይሻላል ወይስ ሶፍትዌር?» የሚል ነው። ኮምፕሬሰር ማለት የጮኸውን ድምፅ ተጭኖ የሚያሳንስ ዕቃ ነው፤ ሚክስ ደግሞ የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማደባለቅ ነው። ሁለት የድምፅ ሰው በተገናኘበት ሁሉ ይሄ ነገር ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ብረት ብረት ነው፣ ኮምፒውተር አይተካውም» ይላል፤ ብረት የሚለው ሃርድዌሩን ነው። ሌላው «የሼባ ወሬ ነው» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ወገን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

የቆምኩበትን ከመጀመሪያው ልናገርና እረፉት። ድራም ሲቀዳ፣ ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ብረቱን እመርጣለሁ። ከተቀዳ በኋላ፣ ሚክስ ላይ፣ ፕለጊኑን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራውን ሶፍትዌር፣ እመርጣለሁ። ስለዚህ የርዕሱን ጥያቄ ቃል በቃል ከወሰድነው መልሴ ሶፍትዌር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ ከዚህ ይታየኛል። ቆዩኝ፣ እስክጨርስ ስሙኝ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ኮምፕሬሰር ድራም ላይ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ፣ ብረቱ ምን አለው? ሦስተኛ፣ ፕለጊኑ ምን አለው? መሀል ላይ ወሬ ቢያማልለኝ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን ይሄን ሳንይዝ ስለ ዕቃ ብናወራ ምን ዋጋ አለው?

አንድ የስኔር ምት እንውሰድ፤ ስኔር ያ ከሥሩ ሽቦ ያለው ድራም ነው። አንድ ብቻ። ስቲኩ ቆዳውን ሲመታ መጀመሪያ «ቻ» የሚል ስለታም ድምፅ አለ። እሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ከሱ ቀጥሎ የድራሙ ሆድ ይመጣል፣ ያ ወፍራሙ። ከዚያ ከሥር ያሉት ሽቦዎች ይንሿሿሉ። መጨረሻ ላይ ክፍሉ ራሱ መልስ ይሰጣል። ይሄ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው የሚያልቀው። ኮምፕሬሰር ታዲያ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የሚጫነው? «ቻ» የሚለውን? ሆዱን? ሽቦውን? ጥያቄው እሱ ነው።

ትሬሽሆልድ ኮምፕሬሰሩ መጫን የሚጀምርበትን ልክ ይወስናል። ሬሾ ከልኩ ያለፈው ምን ያህል እንደሚቀነስ ይወስናል። 4 ለ 1 ስንል፣ ልኩን በ4 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያለፈ ድምፅ በ1 ዲቢ ብቻ አልፎ ይወጣል ማለት ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ድራም ላይ ጨዋታው ያለው ግን ጊዜው ላይ ነው። አታክና ሪሊዝ ላይ፤ አታክ ኮምፕሬሰሩ ለመጫን የሚወስደው ጊዜ ነው፣ ሪሊዝ ደግሞ ለመልቀቅ የሚወስደው።

አታክን 30 ሚሊሰከንድ ብታደርጉት «ቻ» የሚለው ሳይነካ ያመልጣል። ኮምፕሬሰሩ የሚደርሰው ሆዱ ላይ ነው። ሆዱን ሲጫነው ምቱ ይበልጥ ሹል ሆኖ ይሰማል፣ ወደ ፊት ይመጣል። አታክን 0.1 ሚሊሰከንድ ብታደርጉት ግን ገና ስቲኩ ሲያርፍ ይይዘዋል። ጫፉ ይቆረጣል። ከዚያ የቀነሳችሁትን በሜክአፕ፣ ድምፁን መልሶ ከፍ በሚያደርገው ኖብ፣ ስትመልሱት ሆዱም፣ ሽቦውም፣ ክፍሉም አብረው ይነሳሉ። ስኔሩ ወፍሮ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ሁለቱም ጥሩ ነው። ሁለቱም መጥፎ ነው። ዘፈኑ ነው የሚፈርደው።

ሪሊዝስ? ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን፣ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። የምቱ ሩብ 125 ሚሊሰከንድ ነው። ኮምፕሬሰሩ እጁን ሳያነሳ ቀጣዩ ምት ከደረሰ፣ ያ ምት ተጨቁኖ ነው የሚወጣው። ድራመሩ በስሱ የሚነካካቸው ትንንሽ የስኔር ምቶች አሉ አይደል? እነሱን የሚያጠፋቸውም የሚያወጣቸውም ሪሊዝ ነው። ደግሞ በጣም ማፍጠንም ጣጣ አለው። ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ውስጥ ያለ 50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አታኩም ሪሊዙም ከዚያ እጅግ ከፈጠኑ፣ ኮምፕሬሰሩ ምቱን ትቶ ሞገዱን ራሱን መከተል ይጀምራል። ያኔ ኪኩ ይሻክራል። አንዳንዴ ያንን ሻካራነት ነው የምንፈልገው። ካልፈለግነው ግን ምንጩን ማወቅ አለብን።

አንድ ነገር ልጨምርና ነጥቡን ልዝጋው። የስኔር ማይካችሁ ውስጥ ሃይ-ሃት፣ የጥንዶቹ ሲምባሎች ድምፅ፣ አለ። ሁሌም አለ። ስኔሩን በ6 ዲቢ ጨቁናችሁ 6 ዲቢ ስትመልሱ፣ በምትና በምት መሀል ያለው ሃይ-ሃት 6 ዲቢ ከፍ አለ። «ሚክሴ ውስጥ ሃይ-ሃቱ ለምን ጆሮ ይበሳል?» የምትሉ ሰዎች፣ ሃይ-ሃቱን ተዉትና ስኔሩ ላይ ያደረጋችሁትን እዩ።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። ብረቱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሃርድዌር» የሚባል አንድ ድምፅ የለም። ብረቶቹ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ፌርቻይልድ 670ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ ነው፤ የቀመረው ሬን ናርማ ይባላል። ውስጡ 20 ቲዩብ አለ። ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ከተጫነ በኋላ ቀስ ብሎ፣ በክብር ነው የሚለቀው። ኤልኤ-2ኤ ደግሞ በብርሃን ነው የሚሠራው። ድምፁ ሲበረታ ውስጡ ያለች መብራት ትደምቃለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው ብርሃን የሚያይ ክፍል እሷን ተከትሎ ድምፁን ይቀንሳል። አታኩ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የምትለውጡበት ኖብ የለውም። ለዘፋኝ ድምፅ ግሩም ነው። ለስኔር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቻ» ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው።

1176ስ? እሱ የድራም ሰው ወዳጅ ነው። ቢል ፑትናም የቀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣ ነው። ኤፍኢቲ በሚባል ትራንዚስተር ይሠራል። ትሬሽሆልድ የሚባል ኖብ የለውም። ኢንፑቱን ባበረታችሁት ቁጥር የበለጠ ይጫናል። አታኩ ከ20 እስከ 800 ማይክሮሰከንድ ነው። ማይክሮሰከንድ ነው ያልኩት! በጣም ቀርፋፋው ራሱ አንድ ሚሊሰከንድ አይሞላም። ኖቡ ደግሞ ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ይፈጥናል። ስንቱ ጀማሪ «ቀስ አድርጌዋለሁ» እያለ ጫፉን ሲቆርጠው ይኖራል! ሬሾው 4፣ 8፣ 12 እና 20 የሚሉ አራት ቁልፎች ናቸው። እነሱን አንድ ላይ መጫን የተለመደ ነው። ፋብሪካው አስቦ የሠራው አልነበረም፤ ባለሙያዎች ሞክረው ነው ያገኙት። አራቱንም ጭናችሁ ሩም ማይክ (የክፍሉን ድምፅ ከሩቅ የሚቀዳውን) ብታስገቡበት፣ ክፍሉ እንደ ሳንባ መተንፈስ ይጀምራል።

ድምፁን በቮልቴጅ የሚቆጣጠሩ፣ ቪሲኤ የሚባሉትም አሉ። ዴቪድ ብላክመር በ1970ዎቹ ያወጣው ዲቢኤክስ 160 አታክም ሪሊዝም የሚባል ኖብ የለውም፤ ራሱ ነው የሚወስነው። ኪክና ስኔር ላይ ደረቅ፣ ጡጫ ያለው ድምፅ ይሰጣል። የኤስኤስኤል ኮንሶል (ትልቁ የድምፅ ማደባለቂያ ሰሌዳ) መሀል ላይ ያለው የ«ባስ» ኮምፕሬሰር፣ ባስ ጊታሩን ሳይሆን ብዙ ድምፅ አንድ ላይ የሚያልፍበትን መስመር ማለቴ ነው፣ ደግሞ አታኩ ከ0.1 እስከ 30 ሚሊሰከንድ በደረጃ ተከፍሎ ተቀምጦለታል። ሙሉውን ድራም አንድ ላይ የሚያስር ነው።

ኤስኤስኤልን ካነሳሁ ይሄን ወሬ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ ለንደን፣ ታውንሃውስ ስቱዲዮ። የፒተር ጋብሪኤል ሦስተኛ አልበም እየተቀዳ ነው። ኢንጂነሩ ሂዩ ፓጃም፣ ድራመሩ ፊል ኮሊንስ። የኤስኤስኤል ኮንሶሉ ላይ «ሊስን ማይክ» የሚባል ነገር ነበር። ሙዚቀኞቹ ክፍሉ ውስጥ ሲያወሩ ኢንጂነሩ እንዲሰማቸው የተሰቀለ ማይክ ነው። ሩቅ ሆኖ የሚያንሾካሹክም፣ ማይኩ ሥር ሆኖ የሚጮህም እኩል እንዲሰማ መስመሩ ላይ ኃይለኛ ኮምፕሬሰር አደረጉበት። ለወሬ ነው እንግዲህ፣ ለሙዚቃ አይደለም። ኮሊንስ ድራሙን ሲመታ ያ ማይክ ክፍት ነበር። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ሁሉንም አስደነገጠ። መስመሩ ለቀረጻ የተሠራ ስላልነበር ሽቦ ማስቀየር ነበረባቸው። ከዚያ ጅራቱን በጌት፣ ድምፁ ሲደክም በሚዘጋው ዕቃ፣ ቆረጡት። የ80ዎቹ የድራም ድምፅ ከዚያ ወጣ፤ ዓለምን አዳረሰ።

አሁን ጉዱን ስሙ። ያንን ኮምፕሬሰር ኤስኤስኤል ራሱ በኋላ ፕለጊን አድርጎ ሠራውና በነፃ ለቀቀው! ብረቱ የፈጠረውን ያንን ድምፅ ዛሬ ማንም ልጅ ላፕቶፑ ላይ ይጭነዋል። ታዲያ የብረቱ ወገን አሸነፈ ወይስ የፕለጊኑ?

ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ሌላ ቦታ ነው። ኮምፕሬሰሩ ያን ቀን እዚያው በቦታው ስለነበረ ነው። ድራመሩ እየመታ፣ ሰዎቹ እየሰሙ፣ ድምፁ እየተለወጠ። ስድስት ወር ቆይቶ ሚክስ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ለዚያ ድምፅ ብሎ አይመታም ነበር።

ለምን ሲቀዳ ብረት እንደምል አሁን ገባችሁ? በራሴ ስቱዲዮ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ድራመር መጣ። እጁ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ጥሩ ነው፤ ሃይ-ሃቱን ግን ይቀጠቅጠዋል። ስኔሩን ደግሞ ይሽኮረመምበታል። ታውቁታላችሁ ይሄን ሰው፣ በየከተማው አለ። «ሃይ-ሃቱን ቀስ» ብትሉት ለስምንት ባር ቀስ ይልና ይረሳዋል። እኔ ምንም አላልኩትም። የሩም ማይኩን በኤፍኢቲ ኮምፕሬሰር አስገብቼ፣ መርፌው እስኪተኛ ተጫንኩትና ሄድፎኑ ላይ ለቀቅኩለት። ልጁ የመጀመሪያውን ባር ሲመታ ሃይ-ሃቱ ጆሮው ላይ ፈነዳ። «እንዴ!» አለና ቆመ። እንደገና ጀመረ። አሁን ሃይ-ሃቱን በስቲኩ ጫፍ ነካ ነካ ነው የሚያደርገው። ስኔሩን ሲመታው ደግሞ ክፍሉ ሙሉ ሲከፈት ስለሚሰማው ደስ አለው። እጁ እየከበደ፣ እየከበደ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀረጻ ሚክስ ላይ ብዙም አላስቸገረኝም።

ይሄን ፕለጊን ሊያደርገው ይችላል? ሚክስ ላይ አይችልም። ሃይ-ሃቱ አንዴ ተቀጥቅጦ ስኔር ማይክ ውስጥ ከገባ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሲቀዳ በኮምፒውተር በኩል ላሰማው ብትሉስ? መዘግየት አለ። ቋታችሁ (ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያጠራቅምበት) 256 ሳምፕል ወይም ናሙና ከሆነ፣ በ48 ሺህ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና፣ ሲሰላ አንድ ጊዜ ለመሻገር ብቻ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ሲገባም ሲወጣም አለ፣ ከዚያ ፕለጊኑ የራሱን ይጨምራል። ድራመር ይሄ ይሰማዋል። በስም ላይጠራው ይችላል፤ ግን «ሄድፎኑ ደስ አላለኝም» ይላችኋል። በብረቱ ውስጥ አልፎ ቀጥታ ሄድፎን ላይ የሚወርደው ድምፅ ግን አይዘገይም። ፕለጊኖችን ኢንተርፌሱ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ራሱ ላይ የሚያስኬዱ ዕቃዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ጥሩ ናቸው፣ ያለው ይጠቀምባቸው።

«ፒኩን፣ የድምፁን ጫፍ፣ ለመያዝ ነው ሲቀዳ ኮምፕሬስ የማደርገው» የምትሉ አላችሁ። በ24 ቢት እየቀዳችሁ? ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ፣ በቂ ቦታ አለ። ያ የቴፕ ዘመን ጭንቀት ነው። እኔ ብረቱን የማስገባው ድራመሩ የሚሰማውን ለመለወጥና እዚያው ለመወሰን ነው። ደግሞም ልክ አለው። ኪክና ስኔር ላይ ሲቀዳ 3፣ ቢበዛ 4 ዲቢ። ከዚያ አላልፍም። የማብደው ሩም ማይክ ላይ ብቻ ነው። ሲያብድም ከጎኑ ያልተነካ ሌላ ሩም ማይክ አስቀምጣለሁ። ጀብደኛ ሁኑ፣ መመለሻ ግን ይኑራችሁ።

ውኃ ልጠጣ። (ሳቅ)

ሦስተኛው ነጥብ። ፕለጊኑ።

ቀረጻው አለቀ። አሥር ቻናል ድራም ስክሪናችሁ ላይ ተደርድሯል። ኪክ ከውስጥ፣ ኪክ ከውጭ፣ ስኔር ከላይ፣ ስኔር ከታች፣ ቶሞቹ፣ ኦቨርሄድ (ከላይ የተሰቀሉት ማይኮች)፣ ሩም። ራካችሁ ላይ ያለው ብረት ስንት ነው? አንድ? ሁለት? የትኛው ቻናል ላይ ነው የሚገባው? ፕለጊኑ አሥሩም ላይ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ እስከቻለ ድረስ። ይሄ ብቻውን ለብዙዎቻችን ክርክሩን ይዘጋዋል።

ቀጥሎ «ሪኮል» አለ፤ የድሮውን ሚክስ እንደነበረ መልሶ ማምጣት። ሙያውን የተማርኩበት ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፕሬሰር ፊቱ ወረቀት ላይ ተስሎ ነበር። ሚክስ ሲያልቅ የኛ የጀማሪዎቹ ሥራ የኖቦቹን አቅጣጫ በእርሳስ እያሰመሩ መመዝገብ ነው። አንድ ጊዜ ዘፋኙ ከወራት በኋላ ተመልሶ «ድምፄን ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉልኝ» አለ። ትንሽ ብቻ! ወረቀቶቹ ወጡ፣ ኖቦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የድራሙ ኮምፕሬሰር ግን በመሀሉ ጥገና ሄዶ ቲዩቡ ተቀይሮ ነበር። ኖቦቹ እንደ ድሮው ናቸው፣ መርፌው ግን ድሮ የነካበት ቦታ አይደርስም፤ ኪኩ ሌላ ኪክ ሆኗል። ዋናው ኢንጂነር ቀኑን ሙሉ የድሮውን ሚክስ እያስጮኸ በጆሮው ሲፈልገው ዋለ። ዘፋኙ የጠየቀው እኮ የራሱን ድምፅ ነበር! ዛሬ ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ፋይሉን ከፍቶ፣ ፌደሩን ገፋ አድርጎ፣ መላክ ነው። ሰላም ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያየው ነው። ፓራለል ኮምፕሬሽን ታውቃላችሁ። ያልተነካውን ድራም ከተደቆሰው ጋር ማደባለቅ። አሁን የተደቆሰውን በብረት አደርገዋለሁ ብላችሁ ድምፁን ከኮምፒውተር አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገባችሁ እንበል። ሄዶ እስኪመለስ ይዘገያል። ዳዋችሁ፣ ማለትም የምትቀዱበት ፕሮግራም፣ መዘግየቱን በትክክል ካላካካሰው ምን ይሆናል? በ48 ሺህ ኸርዝ 48 ሳምፕል ዘገየ እንበል። ያ ልክ 1 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለቱ እኩል ሆነው ሲደመሩ 500 ኸርዝ ላይ ይጠፋፋሉ። 1500 ላይም፣ 2500 ላይም፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። 500 አካባቢ የስኔር ሥጋ ያለበት ቦታ ነው እኮ! ከዚያ ሰውየው «ብረቱ ባህርይ ሰጠው፣ ቀጠን አደረገው» ይላችኋል። ባህርይ አይደለም፣ አንድ ሚሊሰከንድ ነው። ብረት በዚህ መንገድ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ መጀመሪያ አንድ አጭር ክሊክ ልካችሁ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ እዩ። ሳምፕል በሳምፕል ካልገጠመ አትጀምሩ። ፕለጊኑ ላይ ግን ሚክስ የምትል ኖብ አለች፤ ፈልጋችሁ ታዞሯታላችሁ፣ አለቀ።

ፕለጊን ደግሞ እነዚያ የድሮ አናሎግ ብረቶች የማይችሉትን ይችላል። ወደፊት ያያል! ድምፁን ትንሽ አዘግይቶ፣ ምቱ ከመድረሱ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የሳይድቼይን ፊልተር አለ። ሙሉ ድራሙን ባንድ ላይ ስትጫኑ ኪኩ በመጣ ቁጥር ሲምባሉ ወደ ታች ይጠልቃል፣ አይደል? ፊልተሩን 100 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት። ኮምፕሬሰሩ የኪኩን የታች ድምፅ መስማት ያቆማል፣ ሲምባሉም ያርፋል። ይሄ ያለው ብረትም አለ፤ የድሮዎቹ ዝነኞች አብዛኞቹ ግን የላቸውም።

ፕለጊን ነውር የለውም ወይ? አለው እንጂ! 1176 አታኩ 20 ማይክሮሰከንድ ይደርሳል ብያችኋለሁ። በ48 ሺህ ኸርዝ አንድ ሳምፕል ስንት ነው? 20.8 ማይክሮሰከንድ። ብረቱ ከአንድ ሳምፕል ባነሰ ጊዜ እጁን ያሳርፋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በሳምፕልና በሳምፕል መሀል ያለውን ነገር ማስመሰል አለበት። ደግሞ ድምፅ በዚህ ፍጥነት ሲቀነስና ሲጨመር አዳዲስ ከፍተኛ ድግግሞሾች ይፈጠራሉ። አናሎግ ውስጥ እነሱ ወደ ላይ ሄደው ይጠፋሉ፤ ማንም አይሰማቸውም። ዲጂታል ውስጥ ግን ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በላይ መሄጃ የላቸውም። ተጣጥፈው ወደ ታች ይመለሳሉ። ሲምባል ላይ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰማችሁ እሱን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ኦቨርሳምፕሊንግ ነው፤ ፕለጊኑ ውስጥ ሳምፕል ሬቱን ከፍ አድርጎ ማስላት። ፕለጊናችሁ ላይ ካለ አብሩት። ኮምፒውተሩ ካቃተው ሚክሱን ስታወጡ ብቻ አብሩት።

ሌላው የኢንፑት ልክ ነው። አናሎግን የሚያስመስሉ ብዙ ፕለጊኖች የሚጠብቁት ድምፅ አማካዩ -18 ዲቢ አካባቢ የሆነ ነው። እናንተ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ስኔር ታስገቡና «ይሄ ፕለጊን ያፍናል፣ ብረቱ እንዲህ አያደርግም» ትላላችሁ። ብረቱም ያንን ያህል ቢገባበት ያፍን ነበር። ከፕለጊኑ በፊት ቀንሱት፣ ከዚያ ፍረዱ።

ዋናው የፕለጊን ነውር ግን የሚታይ መሆኑ ነው። ሞገዱ ይታያል፣ የሚቀነሰው በቀይ መስመር ይታያል። ሰዉ በዓይኑ ሚክስ ማድረግ ይጀምራል። ብረት ላይ ያለችው መርፌ እንኳን ቀርፋፋ ነች፣ ፒኩን አታሳያችሁም። ስለዚህ ሳትወዱ በግድ በጆሮ ነው የምትሠሩት። እኔ ፕለጊን ላይ አታክ ስፈልግ አይጤውን ይዤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፣ ሞክሩት።

«ድምፁ ግን አንድ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳለ ይገባኛል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት የድሮ ብረቶች ራሳቸው አንድ አይደሉም። ዕድሜያቸው፣ ጥገናቸው፣ የተሠሩበት ጊዜ ይለያያል። 1176 ራሱ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ወጥቷል። ፕለጊን ሠሪው አንዱን ወስዶ ያንን ነው የሚቀዳው። ስለዚህ «ፕለጊኑ ከእኔ ብረት ይለያል» ሲሉኝ፣ የጎረቤትህም ብረት ይለያል ነው መልሴ። ልዩነት የለም አላልኩም። በጣም ሲጫኑት፣ መርፌው ወድቆ ሲቀር፣ ብረቱ የሚሰጠው መሻከር አሁንም ለጆሮዬ ይጣፍጠኛል። 3 እና 4 ዲቢ ላይ ግን፣ ሙሉ ዘፈን መሀል ገብቶ፣ ባስና ጊታር ከጎኑ ቆሞ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጀማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር። ምንም አትግዙ! ሎጂክ የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ አብሮት የሚመጣው ኮምፕሬሰር ውስጥ ቪሲኤም፣ ኤፍኢቲም፣ በብርሃን የሚሠራው ኦፕቶም አለ። ሪፐር የሚባለውን ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሪያኮምፕ የሚባል ኮምፕሬሰር አላችሁ፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። በእጃችሁ ባለው አንድ ስኔር ወስዳችሁ አታኩን ብቻ ከጫፍ ጫፍ እያዞራችሁ አዳምጡ። ሌላ ምንም ሳትነኩ። እጃችሁ ላይ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ አዲስ የድራም ቆዳ፣ ከዚያ ማይክ፣ ከዚያ የክፍሉን ድምፅ ማስተካከል። ብረት ኮምፕሬሰር ከሁሉም በኋላ ይምጣ። ሲመጣም አንድ ይሁን፣ ፈጣን ይሁን፣ ሩም ማይክ ላይ ይዋል።

እጅ ያወጣኸው ወንድሜ፣ አቤት? «የድራም ባስ ላይ ብረት ብጠቀምስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ተጠቀም። አታክ 10 ወይም 30፣ ሪሊዝ ኦቶ፣ ሬሾ 4፣ መርፌው ከ2 እስከ 4 ዲቢ ይንቀሳቀስ። ግን እንደሰማኸው ወዲያው ቅዳውና ፋይል አድርገው፤ ያልተነካውንም አስቀምጥ። የኖቦቹን ፎቶ አንሳ። ዘፋኙ እንደሚመለስ አትጠራጠር። (ሳቅ)

አሁን ወሬ ይብቃ፣ እንስማ። ሁለት ፋይል ይዣለሁ፣ አንድ ድራም፣ ሁለት ኮምፕሬሰር። አንዱ ብረት ነው፣ አንዱ ፕለጊን። ድምፃቸውን እኩል አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ዲቢ ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል፤ ስንቱ ክርክር በዚህ ብቻ ተሸንፏል! ስክሪኑን አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያው «ሀ» ነው፣ ሁለተኛው «ለ»። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አጫውታለሁ። ብረቱ የትኛው እንደሆነ ሳይሆን የትኛውን ሚክሳችሁ ውስጥ እንደምታስገቡ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ከጎናችሁ ያለውን ሰው ወረቀት አትዩ፣ እሱም እየገመተ ነው። ዝግጁ ናችሁ? እሺ፣ «ሀ»ን ላጫውት ነው።